ከቅሬ የወጣሁ ለታ

እኔ ቆንቋና ነበርኩ። ሌላ ሰው ሲለኝ እቆጣለሁ፤ ራሴ ስለው ግን ልኬ ነው። መርሳ አስተምርበት በነበረው ትምህርት ቤት፣ መምህራኑ ማረፊያ ክፍል ተቀምጠው «እሷ እኮ ፀሐይ ስትገባ ጥላዋንም አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ታስቀምጣለች» ይሉኝ ነበር። እሰማቸዋለሁ። ሰምቼም በሆዴ እስቃለሁ። እናንተ ማኪያቶአችሁን ጠጡ፤ እኔ አንድ ቀን ጠመኔውን ወርውሬ ስወጣ ያኔ እንተያያለን እላለሁ።

ሐሳቤ እንዲህ ነበር። ወልድያ ላይ፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ትንሽ ቦታ ገዝቼ ሦስት የሚከራዩ ክፍሎች እሠራለሁ። ከሌላ አገር ተመድበው የሚመጡት መምህራን ቤት አጥተው ሲንከራተቱ አይቻለሁ፤ እነሱ ይከራዩኛል። ኪራዩ እኔንና እናቴን ያኖረናል። ከዚያ ወዲያ የማንም ርዕሰ መምህር አይቆጣኝም፣ ደመወዝ ዘገየ ብዬ አልጨነቅም፣ የሰው እጅ አላይም። የሰው እጅ ማየት ምን እንደሆነ ደግሞ አውቀዋለሁ። አባቴ የሞተ ዓመት፣ እናቴ እህል ልትበደር አጎቴ ቤት ሄዳ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ደጃፍ ላይ ስትቀመጥ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። አጎቴ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለቱንም ጊዜ እንዳላየን ሆኖ አለፈን። ቁጠባዬ ሁሉ ከዚያ ደጃፍ የመጣ ነው።

እንዴት እንደቆጠብኩ ብነግራችሁ እናንተው ታፍሩልኛላችሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ግራና ገበያ የምሄደው ሰው ሲመለስ ነው፤ ሽንኩርት ሻጩ የተረፈውን ጭኖ መመለስ ሲታክተው ዋጋውን ያወርዳላ! ደርሼም የምመለሰው በእግሬ ነው። ባጃጅ እግር ለሌለው ነው እላለሁ። የሳሙና እላቂ ከአዲሱ ሳሙና ጋር አጣብቃለሁ፤ የሻይ ቅጠል አድርቄ ደግሜ አፈላለሁ። ማንጎ በየአጥሩ ሥር በሚረግፍበት ወቅት ማንጎ በገንዘቡ የሚገዛ መርሳዬ ሳይ ደሜ ይፈላል። ሠርግ ከተጠራሁ ጨጓራዬን ያመኛል። ጨጓራዬ የሚያመኝ ሠርግ ሲኖር ብቻ መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል።

እናቴን ግን አላስራብኳትም፤ ይህን እወቁልኝ። ደም ብዛት ነበረባት። በየወሩ ደመወዝ ስቀበል መጀመሪያ የማደርገው የኪኒኗን ገንዘብ ቆጥሬ እጇ ላይ ማስቀመጥ ነው። አንዲት ወር አላጓደልኩም። እሷም ነጠላዋን አጣፍታ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው መድኃኒት ቤት ራሷ ትሄዳለች። ስመለስ «ገዛሽ?» እላታለሁ። «ገዛሁ» ትለኛለች። በዚያው አለቀ።

እንግዲህ ወደ ቅሬው ልምጣ። እኛ አገር ሰው ሲሞት የሚያነሳው ቅሬ ነው፤ ሌላው አገር ዕድር የሚለው መሆኑ ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ቅሬ ውስጥ ነው። የወር መዋጮው ይህን ያህል አይጎዳም። የሚጎዳው ቅጣቱ ነው። ቀብር ያልወጣ ይቀጣል፤ ለቅሶ ቤት ውኃ ያልቀዳች፣ ያላገለገለች ትቀጣለች። እኔ ደግሞ ከሰዓት በኋላ የማስጠናቸው የነጋዴ ልጆች ነበሩኝ። ቀብር ብወጣ የማስጠኛዬ ይቀርብኛል፣ ብቀር እቀጣለሁ። ሰው በሞተ ቁጥር የምከስረው እኔ ሆንኩ ማለት ነው። ወር በወር እየደመርኩ ሳየው አንጀቴ አረረ።

አንድ እሑድ ቅሬው በተሰበሰበበት ተነሥቼ «የቤታችንን ስም ሰርዙልኝ» አልኩ።

የቅሬው ዳኛ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆዳ ሲነግዱ ያረጁ እስላም ሽማግሌ ናቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ልጄ፣ ቅሬ እንደ ባጃጅ ወራጅ አለ ተብሎ ይወረዳል እንዴ?»

«አባባ፣ እኔ የማጠራቅምበት ጉዳይ አለኝ።»

«አጠራቅሚ፣ ማን ከለከለሽ! ግን ወላሂ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የሞትሽ ለታ የባንክ ደብተርሽ ነው የሚሸከምሽ?»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ቱግ አልኩ። ያኔ ቱግ ለማለት ብዙም አያስፈልገኝም ነበር።

«አዎ! ደብተሬ ይሸከመኛል!» ብያቸው ወጣሁ። አብራኝ የመጣችው እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ከኋላዬ ተከተለችኝ። እቤት ገብታ ከተቀመጠች በኋላ «የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው፣ ልጄ» አለችኝ።

«የሰው መድኃኒቱ መድኃኒት ቤት ነው ያለው» አልኳት። «እሱንም እኔ እየከፈልኩልሽ ነው።»

ዛሬ ድረስ ያቺን መልስ ከአፌ መልሼ ብውጣት እላለሁ።

አራት ዓመት አለፈ። ደብተሬ አበጠ። ለቦታው ገንዘብ የጎደለኝ ጥቂት ነበር። ባንኩ በጊዜ ገደብ ካስቀመጥሽው ወለዱ ይበልጣል ስላለኝ ሁሉንም እዚያ ውስጥ ከተትኩት። ያኔ ነው የሰሜኑ ጦርነት ወደ እኛ የመጣው።

ክረምቱ ሲበረታ ከቆቦ በኩል ሰው ፍራሹን ተሸክሞ መጣ። ቀጥሎ የወልድያ ሰው መጣ። ቀጥሎ እኛው ራሳችን መሄጃ መጠየቅ ጀመርን። ጎረቤቶቻችን አይሱዙ ተኮናትረው ወደ ውርጌሳ፣ ከዚያም ወደ ደሴ ሲጫኑ እኔ ባንክ ሄጄ ተሰለፍኩ። ሰልፉ መንገዱን ተሻግሯል። ደርሶኝ መስኮቱ ጋ ስቀርብ ሠራተኛው ደብተሬን አየና «ቲቸር፣ ይሄ የጊዜ ገደብ ነው። አሁን ካወጣሽው ወለዱ ይቀርብሻል። የቀረው እኮ ጥቂት ወር ነው» አለኝ።

ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ደብተሬን ይዤ ተመለስኩ። ሰው ነፍሱን ይዞ ሲሮጥ እኔ ወለድ አስልቼ ተመለስኩ! ኪሴ ውስጥ የነበረው ለወሩ አስቤዛ የያዝኳት ብቻ ናት። በሦስተኛው ቀን ባንኩ ተዘጋ። መብራትም ስልክም በዚያው ሰሞን ጠፉ።

የመጨረሻው አይሱዙ ሊነሣ ሲል እናቴን «ተነሺ እንሂድ» አልኳት።

«የት?»

«ደሴ። ከዚያ ወዲያ እግዜር ያውቃል።»

«እኔ የትም አልሄድም። እዚያ ብሞት ማን ያነሣኛል? ቅሬዬ እዚህ ነው።»

«የምን ቅሬ? ወጥተናል እኮ፣ እማዬ!»

ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ ወጣሽ እንጂ እኔ መቼ ወጣሁ?»

ለካ እኔ ከቅሬው በወጣሁ ማግስት ዳኛው ዘንድ ሄዳ በራሷ ስም ተመዝግባ ኖሯል። አራት ዓመት ሙሉ ስትከፍል፣ እኔ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ለቅሶ ቤት ስታገለግል፣ ከተማው ሁሉ ሲያውቅ እኔ ብቻ አላወቅኩም። ከየት አምጥተሽ ከፈልሽ ብላት «እግዜር ይሰጣል» አለችኝ። ትፈትል ነበርና የፈትሏ ገንዘብ ነው ብዬ ደመደምኩ። ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ተናደድኩ። እኔ በአንድ በኩል ሳጠራቅም እሷ በሌላ በኩል ታፈሰዋለች ብዬ ሁለት ቀን አኮረፍኳት። እሷን ጥዬ መሄድ ግን አልሆነልኝም፤ አይሱዙው ያለ እኛ ሄደ።

ከዚያ ከሰሜን የመጡት ታጣቂዎች መርሳ ገቡ። ስለ ተኩሱ ብዙ ማውራት አልወድም፤ ያላየ አይገባውም፣ ያየ መስማት አይፈልግም። እኔን ያስደነገጠኝ ረኃቡ ነበር። በደብተሬ የሚታየው ገንዘብ መርሳ ላይ ካሉት መምህራን ሁሉ ገንዘብ ይበልጣል፤ እኔ ግን የምበላው አጣሁ። ኪሴ ውስጥ የነበረችው ብር አሥራ አምስት ቀን አልቆየችም። የጨው ዋጋ ሲነግሩኝ የቀለዱብኝ መስሎኝ ሳቅኩ። ሻጯ ግን አልሳቀችም። አንድ ቀን ደብተሬን ይዤ ሄጄ «ይኸው እይ፣ ገንዘብ አለኝ፣ ሲከፈት እከፍልሃለሁ» ብዬ አንዱን ባለሱቅ ለመንኩት። ደብተሩን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «ቲቸር፣ ይሄ የሚበላው በየት በኩል ነው?» አለኝ።

በዚያው ሳምንት የቅሬው ዳኛ በጠራራ ፀሐይ በራችንን አንኳኩ። ከኋላቸው ሁለት ሰዎች ጆንያ ተሸክመዋል። ቅሬው ሰው በመቅበር ብቻ ሳይወሰን እህል ያለው ለሌለው እንዲያዋጣ ወስኖ ኖሯል። ዳኛው ቁና አውጥተው ማሽላ ሰፈሩ።

«የእናትሽ ድርሻ ነው» አሉኝ። «የአንድ ሰው ነው። ደንቡ አባል ለሆነ ነው የሚለው።»

አንገቴን ደፋሁ። እናቴ ከውስጥ «ለሁለት እንበላዋለን፣ አልሃምዱሊላህ በሉ!» አለች። ከእሳቸው ጋር ስታወራ እንደሳቸው ነው የምትናገረው።

ዳኛው ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ዞር አሉ። «አንቺ ደግሞ ደብተርሽን ቀቅይው» አሉኝ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ስስቅ ግን እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ይህን ሲያዩ ተመለሱና ከራሳቸው ድርሻ አንድ ጣሳ ጨመሩልን። ያን ማሽላ ቆልተን በላን። የተሰረዝኩበት ቅሬ አበላኝ።

መስከረም ጠብቶ ጥቅምት ሲጋመስ፣ አንድ ጠዋት እናቴ ውኃ ስትጠጣ ጣሳው ከእጇ ወደቀ። ላነሣላት ጎንበስ ብዬ ቀና ስል አፏ ወደ አንድ በኩል ሄዷል። «እማዬ?» አልኳት። ልትመልስልኝ ሞከረች፤ የወጣው ድምፅ የሷ አይደለም። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ እንደ ጨርቅ ተኝቷል። ኪኒኗ ካለቀ ሦስት ሳምንት እንዳለፈው አውቃለሁ። ታጣቂዎቹ መድኃኒት ቤቱን ባዶ አድርገውት ሄዱ ሲባል ሰምቼ እኔም ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር። አሁን ግን ለጎረቤታችን ትቻት በነጠላ ጫማዬ ወደ መናኸሪያው በረርኩ።

የመድኃኒት ቤቱ መስታወት መሬት ላይ ነው። ባለቤቱ ከኋላ ክፍል ወጣ። በዚያ ሰሞን ሰው ሲመጣ ሁሉም እጁን ወደ ላይ ያነሣል፤ እሱም አነሣ። እኔ መሆኔን ሲያይ አወረደ።

«የእናቴን ኪኒን ስጠኝ» አልኩት። «ደብቀህ ያስቀረኸው አይጠፋም። የፈለግከውን ዋጋ ጥራ። ባንክ ሲከፈት እጥፍ እከፍልሃለሁ። ወረቀት አምጣ፣ ልፈርም!»

«እጥፍ?» አለኝ። ገርሞት ነው እንጂ አላሾፈም። «ቲቸር፣ መድኃኒትስ አንድም አልተረፈኝም። ግን ምነው አሁን እጥፍ? እናትሽ እኮ ድሮም የሚገዙት ግማሽ ነው።»

«ምን?»

«በየወሩ አሥራ አምስት ፍሬ ነው የሚወስዱት። አንድ ቀን እየዘለሉ ነው የሚውጡት። እማማ፣ ይሄ ነገር አንድ ቀን ይጥልዎታል ብዬ ስንቴ ለመንኳቸው! ‘ልጄ ቤት ልትሠራ እያጠራቀመች ነው፣ እንዳትነግራት፣ በማርያም’ ይሉኛል።»

«ገንዘቡን እኮ ሙሉ ነው የምሰጣት!» ብዬ ጮህኩበት። «የቀረውን ምን ታደርገዋለች?»

«‘የቅሬዬ ነው’ ነው የሚሉኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኩት፤ መልሱን ግን አውቀዋለሁ። አራት ዓመት ይሆናል አለኝ። እዚያው የተሰበረው መስታወት ላይ ቁጭ አልኩ። «ገዛሽ?» ስላት «ገዛሁ» ትለኝ ነበር። አልዋሸችም። ስንት ገዛሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። ለሽንኩርት እስከ ግራና የምሄድ ሴት፣ ሳሙና የማጣብቅ ሴት፣ በቤቴ ያለውን ነገር ሁሉ የምቆጥር ሴት፣ የእናቴን ኪኒን አንድ ቀን ቆጥሬው አላውቅም። እኔ ጥላዋን ታጣጥፋለች ስባል እሷ ነፍሷን ለሁለት ከፍላ ኖራለች። በእኔ ቁጠባ! በእኔ ደብተር! እየጮህኩ ነበር መሰለኝ፤ ሰውየው አፌን በእጁ ያዘና «ዝም በይ፣ በአላህ፣ ይመጡብናል» አለኝ።

ስመለስ ግቢያችን በሰው ሞልቷል። የቅሬውን ቃሬዛ ሳይ ሞታለች አልኩ። ዳኛው ክንዴን ያዙኝ። «አልሞተችም፣ ኢንሻአላህም አትሞትም» አሉኝ። «ሲሪንቃ አጠገብ ከሥራ ያልሸሸች ነርስ አለች። እንወስዳታለን።»

«በምን?» አልኩ። መኪና የለም፣ መንገዱን ታጣቂ ይዞታል።

«በምን ይመስልሻል?» አሉና ቃሬዛውን በጣታቸው አሳዩኝ።

ሬሳ የሚነሣበት ቃሬዛ ላይ እናቴን በሕይወቷ አስተኟት። ስምንት ሰው ነበር፤ አራቱ ሲደክማቸው አራቱ ይቀበላሉ። ክርስቲያኑ ማተቡን እየዳሰሰ፣ እስላሙ ዱዓውን በከንፈሩ እያለ፣ ዋናውን መንገድ ትተን በማሽላው መሐል ሄድን። ሁለት ቦታ ታጣቂዎች አስቆሙን። ዳኛው ቀድመው «በሽተኛ ናት፣ እናት ናት» ይላሉ፤ ገልጠው ያዩዋታል፣ ያሳልፉናል። እኔ ልሸከም ትከሻዬን ሳስገባ አንዱ ጎረምሳ «ተይ፣ አንቺ ዕቃዋን ያዥ» አለኝ። ዕቃዋ አንድ ነጠላና አንድ ጣሳ ነበር። መንገዱን ሙሉ ያንን ይዤ ከኋላ ተከተልኩ።

ነርሷ አየቻት። ከዚህ ሳይከፋ ደርሳችኋል አለች፤ ግን ከእንግዲህ ኪኒኑን አንድም ቀን እንዳታቋርጥ አለችን። ለሳምንት የሚሆን ሰጠችን። ከዚያ በኋላስ? ከዚያ በኋላ ቅሬው መዋጮ ጣለ። የኪኒን መዋጮ! ደም ብዛት ያለባቸው አባላት ቤታቸው ከተረፈቻቸው ላይ አንዱ ሦስት፣ አንዱ አምስት ፍሬ አዋጡ። የትኛው እንደሚስማማት ነርሷ እየለየች ላከችልን። እናቴ ከራሷ ኪኒን ቀንሳ የከፈለችበት ቅሬ፣ ከራሱ ኪኒን ቀንሶ ታጣቂዎቹ ከከተማችን እስኪወጡ አቆያት።

ታኅሣሥ ላይ ከተማዋ ነፃ ወጣች። መብራቱ ከርሞ መጣ፣ ባንኩም ሰንብቶ ተከፈተ። እናቴ ተርፋለች፤ ቀኝ እጇ ግን አልተመለሰም፣ ንግግሯም አልተመለሰም። ባንክ ሄጄ ተሰለፍኩ። ያው ሠራተኛ ደብተሬን ተቀብሎ ኮምፒውተሩን አየና ፈገግ አለ።

«ቲቸር፣ እንኳን ደስ አለሽ! አንድ ሳንቲም አልጎደለም። ወለዱም ገብቶልሻል።»

መስኮቱን ይዤ ቀረሁ። ከእናቴ እጅ ጎድሏል፣ ከእናቴ ምላስ ጎድሏል፤ ከገንዘቤ አንድ ሳንቲም አልጎደለም። ከኋላዬ ያለው ሰው «ቀጥይ እንጂ» እያለ ይገፋኛል። አልሰማሁትም። ሠራተኛው ወለዱ ያንሳል ብዬ ያለቀስኩ መስሎት ሒሳቡን በወረቀት ሊያስረዳኝ ጀመረ።

ከዚያ በቀጥታ ዳኛው ዘንድ ሄድኩ። «መልሱኝ፣ አባባ» አልኳቸው። የአራት ዓመቱን ውዝፍ ከነቅጣቱ አስከፈሉኝ፤ አንዲት ብር አልማሩኝም፣ እኔም እንዲምሩኝ አልጠየቅኩም። የእናቴንም የዓመቱን ቀድሜ ከፈልኩ። «እህ፣ ደብተርሽ ተሸከመሽ?» አሉኝ። «እናንተ ናችሁ እናቴን የተሸከማችሁልኝ» አልኳቸው። ስሜን ጻፉ።

ከደሴ መድኃኒት የገባ ዕለት ሠላሳውን ፍሬ ራሴ ቆጥሬ ገዛሁ። ሁለቴ ቆጠርኩት። ቤት ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩና ኪኒኖቹን ከየማሸጊያቸው እያወጣሁ ሰፌድ ላይ ዘረገፍኳቸው፤ ሙሉ መሆኑን ታይልኝ ብዬ ነው። «ይኸው፣ እማዬ፣ ሠላሳ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ነው» አልኳት።

ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ግራ እጇን ዘርግታ በአንድ ጣቷ መቁጠር ጀመረች። አንድ ወደ ራሷ፣ አንድ ወደ እኔ። አንድ ወደ ራሷ፣ አንድ ወደ እኔ። አሥራ አምስቱን ለይታ ወደ እኔ ገፋችና፣ በአገጯ የዳኛውን ቤት አቅጣጫ አሳየችኝ።

«ከፍያለሁ፣ እማዬ» አልኳት። «በእግዜር ስም፣ ለሁለታችንም ከፍያለሁ!»

አላመነችኝም። አሥራ አምስቱን መልሳ ገፋችልኝ።